በምራቅ የተዋጠ ክኒን

ሐምሌ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ዝናቡ አባራ። ሳምንት ሙሉ ሌት ተቀን ሲወርድ ሰንብቶ በዚያ ቀን ጧት ሰማዩ ድንገት ተከፈተና ፀሐይ ወጣች። የሩዙ ማሳ ውኃ ይተን ጀመር። ከጣና ወገን ነፋስ የሚባል አልመጣም፤ ጭቃው ይሸታል፤ ቀሚሳችን ገላችን ላይ ተጣብቋል። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ሰዎች ስለ ሕመም የጠየቁን በዚያ ቀን ነው።

ስሜ ንጋት ነው። የተወለድኩትም ያገባሁትም ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ ነው። ትምህርት እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የሩዝ አረም ደረሰና አንድ ሳምንት ቀረሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ለምን ቀረሽ ያለኝ ሰው የለም። ማንበብና መጻፍ ግን አልረሳሁም።

የሩዝ አረም የሚታረመው በእጅ ነው። ውኃው እስከ ቅልጥም ይደርሳል። ሣሩና ሩዙ ገና ለጋ ሳሉ ስለሚመሳሰሉ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይንን አቅርቦ፣ አንድ በአንድ መንቀል ነው። ከጧት እስከ ማታ ሁለት ታጥፎ መዋል ነው። አልቅቱ እግር ላይ ይለጠፋል፤ እሱን ማታ ቤት ገብተን እናነሣዋለን። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንዲህ ነው።

ወገቤን መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ልጄ ዕንቁ ከተወለደች በኋላ እላለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር። ቀጥሎ ጧት ስነሣም ሆነ። ከዚያ ሁልጊዜ ሆነ። ከወገቤ ተነሥቶ በቀኝ ዳሌዬ በኩል እስከ ተረከዜ ይወርዳል። ዋግምት ተደርጎልኛል፤ ወጌሻ አሽቶኛል፤ ጠበል ተጠምቄያለሁ። ለጥቂት ቀን ቀለል ይለኝና ይመለሳል። በኋላ መጠየቅም ተውኩ። ሲነጋ አብሮኝ ይነሣል፤ ሲመሽ አብሮኝ ይተኛል።

ባሌ ታደለ በወባ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ሁለት ጥማድ መሬት ትቶልኛል። በእኛ አገር ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ስለዚህ የታደለ ወንድም ባየህ ከተዝካሩ ማግስት መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠና እንዲህ አለኝ።

«እኔ ያንቺን አርሳለሁ፤ አንቺ የኔን ታርሚያለሽ። አረሙን እስከቻልሽ ድረስ የማሳሽ ምርት ሙሉውን ያንቺ ነው። ካቃተሽ ግን በእኩል ስጪኝ። ግማሹ ላንቺ፣ ግማሹ ለኔ።»

«እሺ» አልኩ።

ባየህ ክፉ ሰው አይደለም። ንግግሩም ትክክል ነበር። ግን በእኩል የሰጠ ሰው ማሳው የሌላ ሰው ስም ይወጣለታል። መቼ እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚታጨድ የሚወስነው ሌላው ነው። እኔ ደግሞ ሰው በዚያ ሲያልፍ የንጋት ማሳ ሲል መስማት እፈልግ ነበር። ሌላ የፈለግኩት ነገር የለም። ስለዚህ በየክረምቱ የሱንም የኔንም አርም ነበር፤ ከአቅሜ በላይም ቢሆን አርም ነበር።

የሕመም ማስታገሻ ክኒኑን ያስለመደችኝ ጎረቤቴ አምሳል ናት። ዳይክሎ ትለዋለች። አንድ ፍሬ ሰጠችኝና ያን ቀን ወገቡን አሞት እንደማያውቅ ሰው ዋልኩ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ወረታ ስወርድ ከመድኃኒት ቤት ራሴ እገዛ ጀመር። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ «ጧትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ተብሎ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ።

በዚያ በሐምሌው ቀን ዐሥር ያህል ሴቶች የባየህን ማሳ እያረምን ነበር፤ እነሱ በወንፈል ሊያግዙኝ መጥተው ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ አመተ ሥላሴ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከድንበሩ ላይ ተጣራች።

«እናንተ ሴቶች! ወገባችሁን የሚያማችሁ ሁሉ ጤና ኬላ ትፈለጋላችሁ! ጥናት ሊያጠኑ መጥተዋል!»

«የማያመውን ብትጠሪ ይቀልሽ ነበር» አለች አምሳል ቀና ሳትል። «እሱም የቄስ አያልነህ በቅሎ ብቻ ናት።»

«አትሣቂ፣ ነይ!»

«ንጋትን ውሰጃት። ቀና ብላ እስክትቆም ድረስ እኛ ምሳ በልተን እንመለሳለን።»

እትዬ ይርገዱ ከሁላችንም ትልቅ ናቸው፤ ሰባ ይሆናቸዋል፤ ያርማሉ። «ጓያ ነው የሰበራት» አሉ። «የጓያ ሽሮ ስታበዢ እያየሁሽ ነው።»

«እርስዎ ቤት የበላሁት ይሆናላ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ሴቶቹ ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። መሣቅም ያማል።

ጤና ኬላው በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ክፍሏ ዝናብ አፍስሳ ስለነበር ጥያቄው የሚጠየቀው እዚያው በረንዳው ላይ፣ ሁሉም እየሰማ ነው። ጠያቂው እንዳልካቸው የሚባል መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት ነው። አጠገቡ ሲስተር ሰርክ ተቀምጣለች፤ ሌላ ጊዜ ወረታ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ለረጅም ጊዜ የቆየ ሕመም ያለባቸውን ሴቶች እየፈለጉ ነበር። ለተመዘገቡት በየማክሰኞው ትምህርት ይሰጣል፤ ምርመራም አለው።

ተራዬ ደረሰ።

«እህቴ፣ ሕመምሽን ቁጥር ስጪው» አለኝ እንዳልካቸው። «ዜሮ ማለት ምንም የለም። ዐሥር ማለት ልታስቢው የምትችይው የመጨረሻ ሕመም ነው።»

ዐሥር የትኛው እንደሆነ አሰብኩ። እናቴ ልትሞት ስትል የነበረችበት ትዝ አለኝ። ምጥ ጠንቶባት ርብ ወንዝ ሞልቶ ማዶ ሳትሻገር የቀረችው የአንለይ ሚስት ትዝ አለችኝ። ዐሥር የነሱ ነው። እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት። ከጧት ጀምሮ ሳርም ነው የዋልኩት። ደግሞ ባየህ ሚስቱን ይዞ መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«እሱስ ይመስገን። ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«ሁለት።»

እንዳልካቸው አንድ እጄን ወንበሩ ላይ ተክዬ በግራ ጎኔ ብቻ መቀመጤን አየ። «ሁለት?»

«ሁለት።»

«የኔን ዐሥራ ሁለት ብለህ ጻፍ!» አለች አምሳል ከኋላዬ።

«እስከ ዐሥር ብቻ ነው፣ እማማ።»

«እማማ አትበለኝ፤ ንጋትን በሁለት ዓመት ነው የምበልጣት። የተረፈውን ሁለት ለሷ ደርብላት።»

በረንዳው በሣቅ ሞላ። እንዳልካቸውም ሣቀ፤ ግን አልደረበልኝም። የሚመዘገቡት አራትና ከዚያ በላይ ያሉት ናቸው። አምሳል ተመዘገበች። እኔ ወደ አረሜ ተመለስኩ።

መንገድ ላይ ባየህ ደረሰብኝ። «ደኅና ነሽ ማለት ነው» አለኝ። «የኔን ፍልሰታ ሳይፈታ ትጨርሽዋለሽ?»

«እጨርሳለሁ» አልኩ።

ፍልሰታ ነሐሴ አንድ ቀን ገባ። በፍልሰታ እኛ ዘንድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ወደ አፍ አይገባም። አረሙ ደግሞ የሚጠናው ያን ጊዜ ነው። ክኒኑን ሳልውጥ ማረም አልችልም። ከዋጥኩ ደግሞ ውኃ ልጠጣ ነው። ብዙ አላሰብኩበትም። ክኒን ምግብ አይደለም አልኩ። ጧት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ምላሴ ላይ አስቀምጬ፣ ምራቄን አጠራቅሜ፣ በምራቄ ዋጥኩት። ጉሮሮዬ ላይ ትንሽ ይቆምና ይወርዳል። መጀመሪያ አንድ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሁለት ሆነ።

የንስሐ አባቴን ቄስ አያልነህን ልጠይቃቸው እችል ነበር። ለታመመ ሰው እንደሚፈቅዱ አውቃለሁ። ለወባ ታማሚ፣ ለአራስ ሲፈቅዱ አይቻለሁ። ግን እኔ ታማሚ ነኝ ብዬ አላሰብኩም። ታማሚ የሚባለው የተኛ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርም የዋለ ሰው ሄዶ ታምሜያለሁና ጾም ይፍቱኝ አይልም።

ሆዴን ያቃጥለኝ ጀመር። ጾሙ ነው አልኩ። ቀጥሎ ዓይነ ምድሬ እንደ ከሰል ጠቆረ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የባየህን ማሳ በዐሥረኛው ቀን ጨረስኩ። ወደ ራሴ ማሳ ገባሁ። ነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ ነጭ ነገር ዓይኔን ጋረደኝ። ውኃው ውስጥ በፊቴ መውደቄን የነገረችኝ አምሳል ናት፤ በጸጉሬ ጎትታ ያወጣችኝም እሷው ናት። እኔ የማስታውሰው ድምፅዋን ብቻ ነው።

«ሁለት! ሁለት ነው ያለችው ይቺ ውሸታም!» እያለች ትጮኻለች።

በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከሙኝ። ከፊት በኩል የያዘው ባየህ ነው። ከዚያ በባጃጅ ወረታ ሆስፒታል ገባሁ። ጨጓራዬ ደምቷል አሉ። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። አንደኛው የባየህ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ሰርክ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፊቴን አልረሳችውም።

«ክኒኑን ከምን ጋር ነበር የምትወስጂው?» አለችኝ።

«ከምንም ጋር።»

«ውኃስ?»

«ጾም ነው። በምራቄ ነው የምውጠው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከምግብ በኋላ ተብሎ አልተጻፈልሽም?»

«ተጽፏል። ግን ከምግብ በኋላ ማለት ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዘጠኝ ሰዓት ብውጠው ጧት በምን ላርም?»

እንደ ሐኪሙ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣችኝም።

«ያን ቀን ሁለት ነው ያልሽን» አለች።

«አዎ። ዐሥር የሚሞት ሰው ነው። ባየህም እየሰማ ነበር። አልቻለችም ካለ መሬቱን በእኩል ይይዘዋል።»

«እሺ፣ ቁጥሩን ተይው። ድሮ ታደርጊው የነበረ፣ አሁን ግን በሕመሙ ምክንያት የተውሽው ነገር ምንድን ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጣሪያውን እያየሁ ተናገርኩ። ስግደት ትቻለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። ልጄ ዕንቁ አንበሳሜ ከተማ ነው ያገባችው፤ ልጅ ከወለደች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ መኪና ላይ መቀመጥ ስለማልችል ሄጄ አላውቅም። ሕፃኗን ሁለት ጊዜ አምጥታልኛለች፤ አዝያት አላውቅም፤ ሌላ ሰው ሲያዝላት ነው የማየው። በቀኝ ጎኔ አልተኛም። እግሬን ለመታጠብ እግሬን ማንሣት ስለማልችል ውኃውን ከላይ አፈስበታለሁ። እንደ ሌላ ሰው ነገር አወራሁት። እንባ አልመጣብኝም።

ሰርክ ሁሉንም ጻፈችው። «ይህ ሁለት አይደለም፣ ንጋት» አለችኝ።

«አላውቅም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ።»

ቄስ አያልነህ ለጥየቃ መጡ። መስቀሉን ተሳለምኩ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም ልጄ?» አሉኝ። «እፈቅድልሽ ነበር።»

«አባቴ፣ መታመሜን አላወቅሁም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገቤ ብዙ ተቀመጡ።

መስከረም አልፎ ባየህ መጣ። ከአምስት ክረምት በፊት ባጠረልኝ አጥር በር በኩል ገብቶ ቆመ፤ ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ።

«ንጋት፣ በቃሬዛ ተሸክሜሻለሁ» አለኝ። «ወንድሜንም ተሸክሜዋለሁ። ሁለተኛ አንቺን አልሸከምም።»

«እሺ» አልኩ።

«ምኑን ነው እሺ ያልሽው?»

«መሬቱን በእኩል ያዘው።»

እሱ ብዙ እከራከራለሁ ብሎ ጠብቆ ነበር መሰለኝ። እኔም የማለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀስኩም። ቤት ገብቼ የጀመርኩትን ምስር መልቀም ቀጠልኩ። ባየህ ደጅ ላይ ቆይቶ ሄደ።

ጥናቱ ተቋረጠ። በጸጥታው ችግር መንገዱ ለብዙ ወር ስለተዘጋ ከባሕር ዳርም የሚመጣ አልነበረም፤ የነአምሳል ትምህርትም ሁለት ማክሰኞ ተምረው ቆመ። የተመለሱት በዓመቱ ጥር ላይ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው መዘገቡ። በዚህ ጊዜ ግን በረንዳ ላይ አልጠየቁም። የጤና ኬላውን ጣሪያ አስደፍነው፣ አንድ በአንድ እያስገቡ፣ በር ዘግተው ነው። መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን ትተሻል ብለው ነው። ቁጥሩ የሚመጣው ኋላ ነው።

«ይህን የቀየርነው ካንቺ በኋላ ነው» አለኝ እንዳልካቸው። «ወረቀቶቹን መልሰን ስናያቸው በየቀበሌው ሁለትና ሦስት ያሉት ሴቶች ብዙ ናቸው።»

«ሳይጻፉ የቀሩት ማለት ነው።»

«አዎ» አለና መነጽሩን አወለቀ። «ሳንጽፋቸው የቀሩት።»

እኔ ተጻፍኩ።

በማክሰኞዎቹ የተማርነው ብዙ ነው፤ ሁሉንም አልያዝኩትም። ለዓመታት የቆየ ሕመም ባመመ ቁጥር አዲስ ቁስል አለ ማለት እንዳልሆነ ነገሩን። ሳያምም በፊት ማረፍ፣ ከዚያ መነሣትና መንቀሳቀስ፣ አንድ ሥራ ላይ አለመዋል። ክኒኑ ለጥቂት ቀን እንጂ ለዓመት እንዳልተሠራ። ሰርክ ገና በመጀመሪያው ቀን «ሕመሙ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል» አለች። አንዳንዶቹ ሴቶች ተከፉ። እኔ ግን ደስ ባይለኝም አመንኳት፤ አድነንሻል እያሉ የመለሱኝ ብዙ ነበሩ።

በአምስተኛው ማክሰኞ ቄስ አያልነህም መጡ። የወገብ ሕመምም ሕመም ነው፤ መድኃኒት የምትወስዱ ሴቶች መጥታችሁ ጠይቁኝ አሉ። ሰርክ ወደኔ ዞረችና «ንጋት፣ የዋጥሽበትን ነገር ብትነግሪያቸው?» አለች። መናገር አልፈለግኩም። እንቢ ማለትም ደከመኝ። ተነሥቼ፣ በምራቄ እንደዋጥኩት፣ መጀመሪያ አንድ፣ ኋላ ሁለት እንደሆነ፣ ዓይነ ምድሬ እንደጠቆረና ለሰው እንዳልነገርኩ አወራሁ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

አምሳል መሬት መሬቱን ታያለች።

«እኔም በምራቄ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዘንድሮም።»

«አንቺም?» አለች ሰርክ።

«እኔ እንኳ አኝኬው ነው» አሉ እትዬ ይርገዱ። «ይመራል እናንተዬ። ጥርስ ቢኖረኝ ደግሞ ይብስብኝ ነበር።»

አምሳል ሣቀች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ግን እጅ አውጡ ሲባል ካሥራ አራታችን ዘጠኙ እጃቸውን አወጡ። ቄስ አያልነህ ዘጠኙንም አዩና አንገታቸውን ደፉ። እንዳልካቸው መጻፉን አቁሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረታ ያሉ ጥቂት መድኃኒት ቤቶች ክኒን ሲሸጡ ትጾሚያለሽ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄውን ለነሱ ያደረሰችው ሰርክ ናት።

ወገቤ አሁንም ያማል። ከበፊቱ ይሻላል፤ ቀኝ ጎኔ ላይ ትንሽ መተኛት ጀምሬያለሁ። በግንቦት አንበሳሜ ሄጄ ነበር፤ ሁለት ቦታ እየወረድኩ፣ እያረፍኩ። ሕፃኗ አድጋለች፤ ለማዘል ትከብዳለች።

ባለፈው ሐምሌ ባየህን አገኘሁትና ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን ማረም እንደምችል ነገርኩት። በሬውን እየነዳ ነበር፤ ቆመ።

«ልጆቼ ያርሙታል» አለኝ። «አንቺ ቤትሽ ዕረፊ።»

«የኔን ብቻ ላርም፤ ያንተን አይደለም።»

«ንጋት፣ ተይው» አለኝ፤ በክፋት አይደለም። አልተከራከርኩትም። የመጀመሪያው ቃላችን የሁለቱንም ማሳ አረም የሚል ነበር፤ እኔ ደግሞ ግማሽ ቀን ነው የምችለው።

አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። የምኖረው በዚያው ቤት ነው። ሁለቱን ጥማድ ባየህ በእኩል ይዞታል፤ ሰዎች የባየህ ማሳ ይሉታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ጤና ኬላ እሄዳለሁ፤ አዲስ የመጡትን ሴቶች ምን እንደተዉ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ።